ከይፋት ሽለላ እስከ ቴአትር ቤቱ ኖታ

በሙዚቃ ሙያ አቀናባሪ የሚባለው፣ ዜማ ከሚያፈልቀውና ግጥም ከሚጽፈው ሰው በኋላ፣ ከተመልካች ፊት ከሚቆመው ድምፃዊ ደግሞ በፊት ሥራውን የሚሠራ ባለሙያ ነው። ተግባሩም አንዱን ዜማ ለብዙ መሣሪያዎች ማከፋፈል፣ የትኛው መሣሪያ ዜማውን እንደሚይዝ፣ የትኛው ከሥር እንደሚያጅብ፣ የትኛውስ መቼ ዝም እንደሚል ወስኖ ውሳኔውን በኖታ ማስፈር ነው። ይህ ሙያ በሙዚቃዊ ቴአትርና በፊልም ዓለም ራሱን የቻለ ቦታ ካገኘ ቢቆይም ባለሙያዎቹ ከመጋረጃ ጀርባ የሚቀሩ ናቸው፤ በኒው ዮርኩ ብሮድዌይ የዜማ ደራሲዎቹ ስም ሲገን፣ «ኦክላሆማ!»ን (እ.ኤ.አ. 1943) የመሰሉ ትርኢቶችን ለኦርኬስትራ ያቀናበሩት ሮበርት ራስል ቤኔት ከሙያው ሰዎች ውጭ ብዙም አይታወቁም። በኢትዮጵያ የዚህ ሙያ ታሪክ በአመዛኙ በአንድ ቴአትር ቤት ዙሪያ የተገነባ ሲሆን፣ ዋናው ባለታሪክ ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው። በእርሳቸው አመራር ሥር ከተጫወቱት ሙዚቀኞች አንዱ የይፋት ተወላጅ የሆኑት ጌታቸው መኩሪያ ስለነበሩ፣ የሁለቱን ሕይወት ጎን ለጎን መከተል ቅንብር ለአገሩ ሙዚቃ ምን እንደ ጨመረለትና በኖታ ሊያዝ ያልቻለው ምን እንደ ነበር ለመረዳት ያስችላል።

የቆላው ድምፅና የናሱ መሣሪያ

ይፋት ከሰሜን ሸዋ ተራሮች ግርጌ ተነሥቶ እስከ አዋሽ ሸለቆ ዳርቻ የሚዘረጋ፣ አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር የሚጎራበቱበት አገር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የደጋው ብርድ በቆላ ሙቀት ይተካል፤ ከዚያም በአጣዬና በካራቆሬ በኩል ወደ ወሎ ይዘልቃል። በመካከለኛው ዘመን ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው የንግድ መስመር በዚሁ ያልፍ ስለነበር፣ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የይፋት ሱልጣኔትን መሥርቶበታል፤ ዓፄ ዓምደ ጽዮንም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከይፋት ገዥዎች ጋር ተዋግተውበታል። ከጥንታዊ የአማርኛ ጽሑፎች መካከል የሚቆጠሩት ደግሞ ለዓምደ ጽዮንና ከእርሳቸው በኋላ ለነገሡት ነገሥታት የቀረቡ የወታደር ውዳሴዎች በመሆናቸው፣ ጦርነትንና ጀግናን በቃል የማወደስ ልማድ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ያሳያሉ።

የዚህ ልማድ ቅርንጫፎች ሽለላ፣ ፉከራና ቀረርቶ ይባላሉ። ሽለላ ተዋጊው ወደ ጦር ሜዳ ከመሄዱ በፊት ወኔውን የሚቀሰቅስበት፣ በከፍተኛ ድምፅ የሚወጣና በቁጥር በተመጠነ ምት የማይታሰር ዜማ ነው፤ ፉከራ ደግሞ ፎካሪው ስሙን፣ ዘሩንና የፈጸመውን ጀብዱ የሚቆጥርበት ሲሆን ከዜማ ይልቅ ወደ ንግግር ያደላል። ሽለላን ለአቀናባሪ አስቸጋሪ የሚያደርገው የአንድ ሰው ድምፅ መሆኑ ነው፤ ዜማው የሚረዝመውና የሚያጥረው፣ የሚሰበረውና የሚጎተተው እንደ ሸላዩ ትንፋሽና ስሜት ስለ ሆነ፣ አሥር ሰው በአንድነት ሊጫወተው የሚችል ቋሚ ልክ የለውም።

ቅንብር የሚፈልገው የመሣሪያ ስብስብ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በወታደራዊ መንገድ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ለዓፄ ምኒልክ የናስ ትንፋሽ መሣሪያዎችን በስጦታ ልከው በቤተ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ ተቋቁሟል። ለውጡን ይበልጥ ያፋጠነው ግን በ1916 ዓ.ም. የሆነው ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የአርመኖች ገዳም ተጠግተው የነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ከተጀመረው የአርመኖች ዘር ማጥፋት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆችን አይተው አርባዎቹን ወደ አገራቸው ለመውሰድ ተስማሙ። በታሪክ «አርባ ልጆች» ተብለው የሚታወቁት እነዚህ ወጣቶች በዚያው ዓመት ጳጉሜን (እ.ኤ.አ. መስከረም 1924) አዲስ አበባ ገብተው የመንግሥቱ የናስ ሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ መሪና አስተማሪያቸውም የአይንታብ ተወላጁ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ።

ኬቮርክ ሥራቸውን በሰልፍ ሙዚቃ ብቻ አልወሰኑም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ሲያስተምሩ ከባለቅኔውና ከጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ ጋር የሠሩ ሲሆን፣ እስከ 1966ቱ አብዮት የዘለቀው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መዝሙር ዜማ የእርሳቸው፣ ግጥሙ ደግሞ የዮፍታሔ ነው። በ1910ዎቹ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በተባለው ሥራቸው የጀመሩት የአማርኛ ቴአትር በዮፍታሔ እጅ ከዜማ ጋር ይበልጥ ተዋሐደ። በቤተ ክህነት የቅኔ ትምህርት ያደገ ደራሲና በናስ መሣሪያ የሠለጠነ አርመናዊ መምህር በአንድ መድረክ መገናኘታቸው በኋላ በቴአትር ቤቶች ለተስፋፋው አሠራር መነሻ ሆኗል።

ነርሲስ ወደ አዲስ አበባ

ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለዱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ሕዝቡን ለሚመጣው ወረራ ለመቀስቀስ ሀገር ፍቅር ማኅበር በአዲስ አበባ ሲቋቋም፣ በቀጣዩ ዓመት የኢጣሊያ ጦር ዋና ከተማይቱን ያዘ። የአምስቱ ዓመታት ወረራ የጌታቸው ሕፃንነት ዘመን ነበር፤ የሸዋ አርበኞችም በራስ አበበ አረጋይና በሌሎች መሪዎች ሥር በሰሜን ሸዋ ደጋና ቆላ ይዋጉ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን ሽለላና ፉከራ በሠርግና በበዓል ብቻ የሚሰሙ የመዝናኛ ዓይነቶች አልነበሩም። ጌታቸው የሙዚቃን ሀሁ የቆጠሩትም በክራርና በማሲንቆ ነው፤ ክላርኔትና ሳክስፎን የያዙት ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1915 በአይንታብ የተወለዱትና ቤተሰባቸው ወደ ሶርያ ተሰዶ በሐለብ ያደጉት የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1930 ዓ.ም. ገደማ ነው። ፒያኖ የሚጫወቱ፣ መዘምራንን የሚመሩ፣ ብዙ መሣሪያ የሚያውቁና ኖታ በሚገባ የሚጽፉ ሰው ስለነበሩ፣ ከነጻነት በኋላ መንግሥት የሙዚቃ ክፍሎችን እንደ ገና ሲያደራጅ ተፈላጊ ሆኑ። ያ ዘመን የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራዎች የተስፋፉበት ሲሆን፣ ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች እና ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከርን የመሰሉ የውጭ አገር መምህራንም በማሠልጠኑ ሥራ ተሳትፈዋል። ነርሲስ ከእነዚህ የሚለዩት ኮንትራት ጨርሰው ባለመመለሳቸው ነው፤ የኢትዮጵያ ዜግነት አግኝተው እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ በአዲስ አበባ ኖረዋል።

ነርሲስ በማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ክፍል፣ ለሰልፍና ለክብረ በዓል የሚነፋውን የናስ ጓድ ዘፋኝ ወደሚያጅብና ለዳንስ ወደሚያገለግል ዘመናዊ ኦርኬስትራ አሸጋገሩት። ጌታቸው መኩሪያም በ1941 ዓ.ም. ገደማ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ፣ ወደዚህ ክፍል ገቡ። ከማሲንቆ ወደ ኦርኬስትራ ወንበር መሻገር መሣሪያ ከመለወጥ ያለፈ ነገር ነበር፤ አዝማሪ ዜማውን በልቡ ይዞ እንደ አድማጩ ሁኔታ ሲያስረዝምና ሲለውጥ፣ የኦርኬስትራ ሙዚቀኛ ግን የተጻፈለትን ክፍል በተጻፈለት ሰዓት ብቻ መጫወት ይጠበቅበታል።

ቴአትር ቤቱ

የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የተጫነበት 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ኅዳር ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። በወረራው ዘመን ለሲኒማ ቤትነት ተጀምሮ የነበረው ሕንፃ በፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት ንድፍ ተጠናቅቆ፣ ከፊቱ የሞሪስ ካልካ ሥራ የሆነው የአንበሳ ሐውልት ቆመ። የመክፈቻው ተውኔት የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሲሆን የሙዚቃው ክፍል ኃላፊ ዘልቬከር ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ኃላፊነቱ ወደ ነርሲስ ተላለፈ። ጌታቸውም ቴአትር ቤቱ በተከፈተበት ጊዜ ገደማ ወደዚያው ኦርኬስትራ ተዛውረው ነበር።

ቴአትር ቤቱ ለአቀናባሪ የሚመች ተቋም የሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሙዚቀኞቹ በወር ደመወዝ የሚተዳደሩ ቋሚ ሠራተኞች ስለነበሩ አቀናባሪው የሚጽፍለትን ተጫዋች ችሎታና ድክመት ለይቶ ማወቁ ነው፤ ከፍተኛ ድምፅ የሚችል ትራምፔተኛ ካለ እርሱን የሚያሳይ ክፍል ይጽፋል፣ ከሌለም ያንኑ ለክላርኔት ይሰጣል። ሁለተኛው፣ ተውኔት ከዘፈን የተለየ ነገር ስለሚጠይቅ ነው። የመክፈቻ ሙዚቃ፣ ትዕይንት ሲለወጥ ባዶውን ጊዜ የሚሞላ አጭር ዜማ፣ ተዋናይ ሲናገር ድምፁን ሳይውጥ ከሥር የሚሄድ አጃቢ፣ መዘምራንና ዳንሰኞች በአንድነት ሲወጡ የሚሰፋ ድምፅ፣ ሁሉም በአንድ ምሽት ከአንድ ኦርኬስትራ ይፈለጋሉ።

ሥራው አድካሚ የቴክኒክ ዕውቀትም ይጠይቅ ነበር። የትንፋሽ መሣሪያዎች የሚጻፍላቸው ኖታና የሚያወጡት ድምፅ እንደ መሣሪያው ዓይነት ስለሚለያይ፣ ፒያኖው «ዶ» ሲመታ ትራምፔቱ፣ ክላርኔቱና ቴነር ሳክስፎኑ «ሬ»፣ አልቶ ሳክስፎኑ ደግሞ «ላ» ተብሎ ካልተጻፈላቸው አንድ ዓይነት ድምፅ አይወጣም። አንድ ድምፃዊ ታምሞ በምትኩ ሴት ድምፃዊት ስትገባ ደግሞ ዜማው ወደ እርሷ የድምፅ ከፍታ መዛወር ስለሚኖርበት፣ የሁሉም መሣሪያ ወረቀት እንደ አዲስ ይጻፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የቅኝት ጉዳይ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ዋና ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ ሲሆኑ፣ የአውሮፓው የቅንብር ትምህርት የተመሠረተው ግን በሰባት ድምፅ ላይ ነው። ሙዚቀኞች ኮርድ የሚሉትን፣ ሦስት ድምፅ ተደራርቦ በአንድ ጊዜ የሚሰማውን ስምምነት ብንወስድ፣ «ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ» በሆነው የትዝታ ቅኝት ውስጥ ሙሉ ሆነው የሚገኙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ «ዶ–ሚ–ሶል» እና «ላ–ዶ–ሚ»። ሌሎቹን ለመሥራት የሚያስፈልጉት «ፋ» እና «ሲ» በቅኝቱ ውስጥ ስለሌሉ፣ አቀናባሪው ወይ ከቅኝቱ ውጭ ያለ ድምፅ አስገብቶ የዜማውን ጠባይ ይነካል፣ ወይ ኮርዱን አጉድሎ ይተወዋል፣ አለዚያም ሁሉም መሣሪያ ዜማውን በአንድነት እንዲጫወት ያደርጋል። ከቴአትር ቤቱ እስከ ክቡር ዘበኛው ሳህሌ ደጋጎ ድረስ ያሉ የዘመኑ አቀናባሪዎች ሥራ በመሠረቱ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ ልዩ ልዩ መልስ ነው። ነርሲስ መልሳቸውን በቅዱስ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በማስተማር ለተከታዩ ትውልድ አስተላልፈዋል።

ከኖታው ውጭ የወጣው ሳክስፎን

ጌታቸው መኩሪያ በታሪክ ስማቸው የሚነሣው፣ ሸላዩ በጉሮሮው የሚያወጣውን ዜማ በሳክስፎን በመተካታቸው ነው። ሽለላን ያለ ቃል፣ በመሣሪያ ብቻ ከተጫወቱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ እርሳቸው ሲሆኑ፣ ጎፈር ደፍተውና የአውሬ ቆዳ ለብሰው መድረክ ላይ ሲወጡ የሚታየው የኦርኬስትራ ሠራተኛ ሳይሆን ፎካሪ ነበር። ሸንበቆውን እያስጮሁ፣ ድምፁን እየሰበሩና እያንቀጠቀጡ የሚያወጡት ዜማ በተመጠነ ምት ስለማይሄድ በወረቀት ላይ ሙሉ በሙሉ ሊሰፍር አይችልም። በኋላ የውጭ አገር አድማጮች ይህን አጨዋወት ከአሜሪካኖቹ ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር ጋር ያነጻጸሩት ሲሆን፣ የጌታቸው ምንጭ ግን የአገራቸው ሽለላ ነው።

ይሁን እንጂ ሽለላው ብቻውን ቆሞ አልተሰማም። ብቸኛው ሳክስፎን እንደ ልቡ ሲሄድ ባንዱ አንድ አጭር ሐረግ እየደጋገመ መሬቱን ያጸናለታል፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ በቡድን መጫወትና በልክ ማጀብ የለመዱ ሰዎች ያስፈልጋሉ። የማዘጋጃ ቤቱና የቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራዎች ለጌታቸው የሰጧቸው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ መሣሪያውን እስከ ጥግ የሚያዝ ቴክኒክና ነጻነታቸውን የሚሸከም አጃቢ። በ1957 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. 1965) ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛውረው፣ ዓለማየሁ እሸቴና ሒሩት በቀለን የመሰሉ ድምፃውያን ባለፉበት በዚያ ክፍል ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል።

የሸክላ ሥራ መስፋፋት የአቀናባሪውን ሙያ ከቴአትር ቤት ግቢ አወጣው። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በመንግሥት ውሳኔ ለሀገር ፍቅር ተሰጥቶ ቢቆይም፣ አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሬከርድስን ሲከፍት ሌሎችም ተከተሉት። ግርማ በየነ፣ ለማ ደምሰውና ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ትምህርታቸው የተመለሱት ሙላቱ አስታጥቄ ከዋነኞቹ የሸክላ አቀናባሪዎች መካከል ነበሩ። ሙላቱ አምስቱን የቅኝት ድምፆች በጃዝ ስምምነት የማጀብ መንገዳቸውን እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አሳይተዋል። የጌታቸው የሳክስፎን አልበምም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ ታትሟል።

ከአብዮቱ በኋላ

የ1966ቱ አብዮት ሲመጣ ቴአትር ቤቱ ብሔራዊ ቴአትር ተባለ፤ የሰዓት እላፊው የሌሊት ክበቦችን ሙዚቃ ሲያቋርጠው፣ የሸክላ አሳታሚዎች ተዳከሙ። ነርሲስ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1977 አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። በቀጣዮቹ ዓመታት የካሴት ገበያ ሲስፋፋ፣ ኪቦርድ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ድምፅ አስመስሎ ማውጣት በመቻሉ አሥራ አምስት ሰው የሚቀጠርበት ምክንያት ቀነሰ። ለቅንብር ሙያ ይህ ከፖለቲካው ለውጥ ያላነሰ ከባድ ነበር፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ መጻፍ የሚለመደው ተጫዋቾቹ በየቀኑ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ነውና።

የፊልም ሙዚቃም የተስፋፋው በዚሁ ሁኔታ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ፊልም ተደርጎ የሚቆጠረው «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ከታየ በኋላ የአገር ውስጥ ፊልም ለረጅም ጊዜ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሠራ ነበር። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሲበዛም ሙዚቃው በአብዛኛው በኮምፒውተርና በኪቦርድ በአንድ ሰው የሚሠራ ሆኖ በመምጣቱ፣ በሌላው ዓለም እንዳለው ለፊልም ኦርኬስትራ የሚያቀናብር ሙያ አልተደራጀም። በዚህ ረገድ ጎላ ብሎ የሚነሣው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ሲሆን፣ ሙዚቃውን ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆርጋ መስፍን ከአሜሪካዊው ፒያኒስት ቪጄይ አየር ጋር ሠርቶታል። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ጂም ጃርሙሽ ባዘጋጁት «ብሮክን ፍላወርስ» (እ.ኤ.አ. 2005) በዓለም ዙሪያ ቢሰማም፣ ለፊልሙ የተመረጠው ቀድሞ የተቀረጸ ሥራቸው ነበር።

የቀድሞው ዘመን ቅንብር በውጭ አገር እንደ ገና የተደመጠው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ ተከታታይ አልበም አማካይነት ነው። የጌታቸው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከታታዩ 14ኛ ክፍል ሆኖ ታተመ። እርሳቸውም በቀጣዩ ዓመት አዲስ አበባ ከመጣው የቦስተኑ አይዘር ኦርኬስትራ ጋር ተጫወቱ። ከኔዘርላንዱ «ዘ ኤክስ» ጋር ተገናኝተው ደግሞ «ሞዓ አንበሳ»ን (እ.ኤ.አ. 2006) እና «የአንበሳው ትዝታ»ን (እ.ኤ.አ. 2012) ቀረጹ። የሮክ ጊታሮች በእነዚህ አልበሞች የያዙት ቦታ ቀደም ሲል የትንፋሽ መሣሪያዎች ይዘውት የነበረው ነው፤ ሐረጉን ይደጋግማሉ፣ ሳክስፎኑ ይሸልላል። ጌታቸው መጋቢት 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2016) በ81 ዓመታቸው አረፉ።

አይዘር ኦርኬስትራ ከነርሲስ ሞት ከሦስት አስርት ዓመታት በኋላ በእጅ የተጻፉ ቅንብሮቻቸውን አንሥቶ አዲስ አበባ ላይ መጫወቱ ደግሞ የሁለቱን ሰዎች ውርስ ልዩነት ያሳያል። የጌታቸው ሽለላ የተረፈው በተቀረጸ ድምፅ ስለ ሆነ ማንም አስመስሎ ሊማረው ቢሞክር ሰውዬው ራሳቸው ሳይኖሩ ሙሉ አይሆንም፤ የነርሲስ ሥራ ግን በወረቀት ላይ ስለ ሰፈረ፣ ነርሲስን አይተው የማያውቁ ሙዚቀኞች ከባሕር ማዶ መጥተው እንደ አዲስ ሊያሰሙት ችለዋል። የቅንብር ጥቅምም ጉድለትም ከዚሁ ይነበባል። ኖታ ዜማን ከሰው ዕድሜ በላይ ያኖራል፣ ብዙ እጆችንም ያስተባብራል፤ የሸላዩን ትንፋሽ ግን አይጽፍም። የኢትዮጵያ ቴአትር ቤቶች በእነዚያ ዓመታት ያገኙት ዕድል ሁለቱን በአንድ ደመወዝ መዝገብ ላይ ማኖራቸው ነበር፤ ለፊልምም ሆነ ለመድረክ የሚያቀናብር አዲስ ትውልድ ይውጣ ከተባለ፣ ኖታ የሚያነብ ቋሚ ኦርኬስትራ ማቋቋምና የቀደሙትን ቅንብሮች በቤተ መዛግብት ሰብስቦ ለተማሪዎች መክፈት ያስፈልጋል።